የእንሽርት ከረጢትና የማዕድናት ሚዛን፦ ለነፍሰ ጡር እናትና ለቤተሰቧ የተዘጋጀ መመሪያ

ፅንሱን ከነውሃው የሚይዘው የእንሽርት ከረጢት ከሁለት ስስ ሽፋኖች የተሠራ ነው። በውስጥ በኩል ያለውና ውሃውን በቀጥታ የሚነካው አምኒዮን ይባላል፤ በውጭ በኩል ያለውና ከማሕፀን ግድግዳ ጋር የተጠጋው ደግሞ ኮሪዮን ይባላል። አምኒዮን የራሱ የደም ሥርም ሆነ ነርቭ የለውም፤ የሚመገበው ከእንሽርት ውሃውና አጠገቡ ካሉት ሕብረ ሕዋሳት በሚሰርግለት ንጥረ ነገር ነው። በዚህ ምክንያት እናት የምትበላው ጨው፣ የምትውጠው የካልሲየም ክኒን ወይም በትውከት የምታጣው ፖታሲየም ሽፋኑን የሚነካው በቀጥታ ሳይሆን በእናት ደም፣ በእንግዴ ልጅና በፅንሱ ኩላሊት በኩል ዞሮ ነው። ይህ መመሪያ ያንን መንገድ በአጭሩ ካስረዳ በኋላ በየዕለቱ ሊደረግ የሚችለውን ይዘረዝራል። ሽፋኑን ለብቻው የሚያክም ምግብም ሆነ ክኒን የለም፤ እናት ማድረግ የምትችለው በደሟ ውስጥ ያለው የማዕድናት መጠን ድንገት እንዳይወርድ ወይም እንዳይንር መጠበቅ ነው፤ ቀሪውን ሥራ እንግዴ ልጁና ሽፋኖቹ ራሳቸው ይሠሩታል።

ማዕድናት በሽፋኑ ላይ የሚሠሩት ሥራ

ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሎራይድ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው ነው፤ በዚህ መልካቸው አዮን ይባላሉ። አምኒዮን የመጣለትን ሁሉ የሚያሳልፍ ወንፊት አይደለም። አዮኖች በእሱ በኩል የሚያልፉባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው በሕዋሳቱ መካከል ያለው ጠባብ መገጣጠሚያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕዋሳቱ ራሳቸው ባሏቸው ልዩ ልዩ መተላለፊያዎችና ፓምፖች በኩል ነው። ከፓምፖቹ ዋነኛው ሦስት ሶዲየም ከሕዋሱ እያስወጣ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባው ነው። ይህ ፓምፕ ጉልበት የሚያገኘው ኤቲፒ ከሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ኤቲፒ ደግሞ ሥራ ላይ የሚውለው ከማግኒዚየም ጋር ሲጣመር ነው። ማግኒዚየም ሲያንስ ፓምፑ ይደክማል፤ ፖታሲየምም ከሕዋሱ እየወጣ ከሽንት ጋር ይጠፋል። ፖታሲየም እየተሰጣት መጠኑ አልስተካከል ላላት ታካሚ ሐኪሙ የማግኒዚየም ምርመራ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ካልሲየም በበኩሉ በሕዋሳቱ መካከል ያለውን መገጣጠሚያ አጥብቆ ያቆያል፤ በቤተ ሙከራ ካልሲየም ከዙሪያቸው ሲወገድ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት እርስ በርስ ይላቀቁና በመካከላቸው ውሃና አዮን እንደ ልብ ያልፋል።

በፈረንሳይ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩ ጥናቶች ከወሊድ በኋላ የተወሰደን የአምኒዮን ቁራጭ በሁለት የጨው ውሃ ክፍሎች መካከል ወጥረው፣ ማግኒዚየም፣ ታውሪን የሚባለው አሚኖ አሲድና ቫይታሚን ቢ6 ሲጨመሩ የአዮኖቹ ዝውውር እንዴት እንደሚለወጥ ለክተዋል። ማግኒዚየም የሽፋኑን አዮን አሳላፊነት እንደሚለውጥ፣ ማግኒዚየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ሰልፌትም በሽፋኑ ላይ የሚያሳዩት ጠባይ አንድ እንዳልሆነ ታይቷል። እነዚህ ግኝቶች ስለ ሽፋኑ አሠራር ብዙ ያስተምራሉ፤ ነገር ግን በመሣሪያ ላይ በተወጠረ ሽፋን የታየው ውጤት ለእናት የሚታዘዝ መጠን ሊሆን አይችልም። ለነፍሰ ጡር ታውሪን ወይም ከፍተኛ መጠን ያለው ቢ6 ይጠቅማል የሚሉ ማስታወቂያዎች ሲያጋጥሙዎት ይህን ልዩነት ያስታውሱ። ታውሪን ያላቸው የኃይል ሰጪ መጠጦች ከፍተኛ ካፌይን ስላለባቸው ጭራሽ ለእርግዝና የሚመከሩ አይደሉም።

አዮኖች በሄዱበት ውሃ ይከተላል። በእርግዝና ወቅት የእናት ደም የሟሟ ነገር ክምችት ከወትሮው በጥቂቱ ቀንሶ በኪሎ ግራም ወደ 280 ሚሊኦስሞል ይጠጋል። የእንሽርት ውሃው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ፅንሱ ቀጭን ሽንት መሽናት ሲጀምር ግን እየቀጠነ ይሄድና ወደ መውለጃው ሲቃረብ 250 እስከ 260 አካባቢ ይደርሳል። ቀጭኑ ውሃ የእንግዴ ልጁን ገጽ በሸፈነው አምኒዮን በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ የደም ሥሮች ይመለሳል፤ አኳፖሪን የሚባሉ የውሃ መተላለፊያዎች ይህን ያፋጥናሉ። በ10ኛው ሳምንት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የነበረው የእንሽርት ውሃ ከ34ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 800 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚደርሰው፣ ፅንሱ በሚሸናው፣ በሚውጠውና በሽፋኑ በኩል በሚመለሰው መካከል ያለው ሚዛን ሲጠበቅ ነው። የእናት ደም በውሃ ጥም ሲወፍር ውሃ ከፅንሱ ወደ እናት ይሳባል፤ የፅንሱ ሽንት ይቀንሳል፤ የእንሽርት ውሃውም ይከተላል።

ስኳር አዮን ባይሆንም ውሃ ይስባል። የደም ስኳሯ ከፍ ያለ እናት ፅንሷም ስኳር ይበዛበታል፤ ብዙ ይሸናል፤ የእንሽርት ውሃውም ከመጠን በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእንሽርት ውሃ በዝቷል የተባለች እናት ጨው ከመተዋ ወይም ውሃ ከመቀነሷ በፊት ልትጠይቀው የሚገባት የስኳር ምርመራ ነው።

ከውሃና ከጨው ይጀምሩ

በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ፈሳሽ መጠጣት ለአብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች በቂ ነው፤ በአፋር፣ በጋምቤላ፣ በድሬዳዋ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ ለምትሠራ እናት ከዚህ በላይ ያስፈልጋል። መጠጡን በአንድ ጊዜ ከመጋት ይልቅ በቀኑ ሰዓታት ማከፋፈል ይሻላል። የሽንት ቀለም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ መጠኑ በቂ ነው፤ ጠቆር ብሎ የሚያንስ ከሆነ ይጨምሩ። የእንሽርት ውሃቸው ባነሰ እናቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጨማሪ ውሃ መጠጣት በአልትራሳውንድ የሚለካውን መጠን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል፤ የሚጠጣው ተራ ውሃ መሆኑም ጥሩ ነው፤ ደሙን የሚያቀጥነው ጨው ያልበዛበት ውሃ ነውና። ሽፋኑ ተቀዶ ውሃው እየፈሰሰ ከሆነ ግን መጠጣት መፍትሔ አይሆንም፤ ያ ሳይዘገይ የሚያስኬድ ጉዳይ ነው።

ጨውን በተመለከተ በቤተሰብ መካከል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር “እግርሽ ስላበጠ ጨው ተዪ” የሚለው ነው። ይህ ምክር ከቅን ልብ ቢመጣም መሠረት የለውም። በእርግዝና ወቅት የደም መጠን ስለሚጨምር ሰውነት ሶዲየም መያዝ አለበት፤ ጨውን ጨርሶ መተው የእርግዝና ደም ግፊትን እንደማይከላከል በመረጋገጡም ለዚህ ዓላማ አይመከርም። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው መጠን በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው የሚገባባቸው ከሆነ፣ በወጥ ላይ የሚጨመረውን ጨው ሲመጥኑ ያንን ይቁጠሩት።

ከብዛቱ ይልቅ የጨው ዓይነት ሊያሳስብ ይገባል። ነፍሰ ጡር እናት በቀን 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፤ ደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል ደግሞ አፈሩ በአዮዲን የደኸየ በመሆኑ እንቅርት ለብዙ ዘመን የታወቀ በሽታ ነው። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተደንግጓል፤ ሆኖም ከገበያ የሚገዛ አሞሌና ያልታሸገ ጨው ብዙ ጊዜ አዮዲን የለውም። የታሸገ፣ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ጨው ይግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖር እናት ደግሞ የባሕር ጨው ወይም ደቃቅ ያልሆነውን የወጥ ቤት ጨው ስትገዛ አዮዲን እንዳለው አሽጉን ማንበብ ይኖርባታል።

ለቃር ሶዳ በጥብጦ መጠጣት የተለመደ ነው። ሶዳ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ በየዕለቱ ሲወሰድ ብዙ ሶዲየም ያስገባል፤ የደምንም አሲድነት ከሚገባው በላይ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ እንደበሉ አለመተኛትና ካልተሻለ ለእርግዝና የሚሆን የጨጓራ መድኃኒት ከባለሙያ መጠየቅ የተሻለ መንገድ ነው።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የምትኖር እናት ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል። በወንጂ፣ በባቱና በሐዋሳ ዙሪያ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይድ የበዛባቸው ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ውሃውን ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ክምችቱ ይጨምራል። ከዝናብ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ የተመረመረ የቧንቧ ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ መለየት ይበጃል፤ በምግብ ውስጥ በቂ ካልሲየም መኖሩም ከአንጀት የሚገባውን ፍሎራይድ ይቀንሳል።

ትውከትና ተቅማጥ ሲያጋጥም

ሚዛኑ በፍጥነት የሚናጋው በዚህ ጊዜ ነው። ትውከት ክሎራይድና አሲድ ያሳጣል፤ ፖታሲየምም በሽንት ይከተላል፤ ተቅማጥ ደግሞ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይሄዳል። ለዚህ የተዘጋጀው ለምለም ወይም ኦአርኤስ የሚባለው ዱቄት ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየም፣ 75 ሚሊሞል ግሉኮስ፣ 20 ሚሊሞል ፖታሲየም፣ 65 ሚሊሞል ክሎራይድና 10 ሚሊሞል ሲትሬት ይዟል፤ ሶዲየሙና ግሉኮሱ እኩል የሆኑት በአንጀት ግድግዳ ላይ አንዱ ሌላውን ይዞ ስለሚገባ ነው። አንዱን ከረጢት በሚፈልገው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር፣ በንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ እንዲጣፍጥ ስኳር ወይም ጨው አይጨምሩ፤ ውሃውንም አያሳንሱ። በትንሽ በትንሹ፣ በየጥቂት ደቂቃው ጉንጭ ጉንጭ ማለት ከትውከት ጋር ይስማማል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋል። ለስላሳ መጠጥ የዚህ ምትክ አይሆንም፤ ስኳሩ ብዙ፣ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ጥቂት ነውና።

ትውከቱ ጋብ ሲል ፖታሲየሙን የሚመልሱት ተራ ምግቦች ናቸው፦ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ የምስርና የባቄላ ሾርባ። ድንች ሲቀቀል ፖታሲየሙ ከፊሉ ወደ ውሃው ስለሚወጣ ሾርባ አድርጎ ከነውሃው መብላት ይመረጣል። የኩላሊት ሕመም ያለባት እናት ግን እነዚህን ምግቦች ያለ ሐኪም ምክር እንዳታበዛ። ለአንድ ሙሉ ቀን ፈሳሽ መያዝ ያቃታት፣ ሽንቷ የጠፋ ወይም ስትነሣ የሚያዞራት እናት በቤት መቆየት የለባትም፤ በጤና ተቋም የሶዲየምና የፖታሲየም መጠኗ ተለክቶ በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጣት ይገባል። ለሳምንታት ስታስመልስ ለቆየች እናት ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ ከመሰቀሉ በፊት ቫይታሚን ቢ1 መሰጠት እንዳለበትም ባለሙያዎች ያውቁታል፤ ቤተሰብም ማስታወሱ አይጎዳም።

ጾም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡር ሴት እንድትጾም አትገደድም፤ በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። ቢሆንም ብዙዎች ይጾማሉ። የምትጾም እናት ከሁሉ በፊት ልታስብበት የሚገባት የሥጋው መቅረት ሳይሆን እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ ያለ ውሃ መዋሉ ነው፤ ቢያንስ ውሃውን እንድትጠጣ ከንስሐ አባቷ ወይም ከሃይማኖት አባት ጋር አስቀድማ ብትነጋገር መልካም ነው።

ካልሲየም

ፅንሱ እስኪወለድ ድረስ 30 ግራም ገደማ ካልሲየም ያከማቻል፤ አብዛኛውን የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከእናቱ የበለጠ ነው፤ ይህ የሚሆነው እንግዴ ልጁ ካልሲየምን ጉልበት አውጥቶ ወደ ፅንሱ ስለሚገፋው ነው። እናት በቂ ባታገኝ ሰውነቷ ከአጥንቷ ይሰጣል፤ አንጀቷም ከምግብ የሚወስደውን መጠን በእጥፍ ያህል ያሳድጋል። ይሁን እንጂ የካልሲየም ማነስ የራሱ መዘዝ አለው፤ እጥረቱን ለመሸፈን የሚነሡት ሆርሞኖች በደም ሥር ጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጋሉ፤ ጡንቻው ይኮማተራል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በምግባቸው ካልሲየም በሚያንስባቸው ማኅበረሰቦች ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም እንዲሰጥ የመከረው ይህን አደጋ ለመቀነስ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ በሕንድና በታንዛኒያ በእያንዳንዳቸው 11,000 እናቶችን ያሳተፈ ጥናት ደግሞ 500 ሚሊ ግራም ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን የእርግዝና ደም ግፊት በመከላከል ከ1,500 ሚሊ ግራም እንደማያንስ አሳይቷል። ለእርስዎ የሚሆነውን የሚወስነው የሚከታተልዎት ባለሙያ ቢሆንም፣ ትልቁን መጠን መዋጥ ያቃታት እናት ጨርሶ ከመተው ይልቅ ትንሹን መጠን እንድትቀጥል ይህ ውጤት የሚያበረታታ ይመስለኛል።

በክኒኑ ማሸጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙዎችን ያሳስታል። 1,250 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ማለት 500 ሚሊ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ማለት ነው፤ ባለሙያው የሚያዝዘው በንጹሑ ካልሲየም ልክ መሆኑን ይጠይቁ። አንጀት በአንድ ጊዜ ብዙ ካልሲየም መቀበል ስለማይችል፣ የታዘዘው ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ምግብና ክኒን ተደምረው በቀን ከ2,500 ሚሊ ግራም እንዳይበልጡ።

በማዕዱ ላይ ያለውን እንቁጠር። መቶ ሚሊ ሊትር ወተት 120 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ እርጎም ከዚሁ አይርቅም። መቶ ግራም ያልበሰለ ጤፍ 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየምና ከዚያ ጋር የተቀራረበ ማግኒዚየም ይዟል። በጤፍ ውስጥ ያለው ፋይቴት ማዕድናትን አስሮ ይይዛል፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ግን ፋይቴቱ እየፈረሰ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ያው ጤፍ ቢሆንም ሳይቦካ ከተጋገረ ቂጣ የተሻለ ማዕድን ይሰጣል። ባቄላና ሽንብራን መዘፍዘፍና በቆልት ማድረግም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙን በቀላሉ ይለቃል፤ ቆስጣ ግን ካልሲየምን አስሮ የሚይዝ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ካልሲየሙን አይለቅም፤ ቆስጣ ለብዙ ነገር ጥሩ ቢሆንም ለካልሲየም ብለው አይመኩበት። በጾም ወራት ሰሊጥ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ያልተፈተገው ሰሊጥ በመቶ ግራም ወደ 970 ሚሊ ግራም ካልሲየም ሲኖረው የተፈተገው ነጩ ሰሊጥ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ካልሲየሙ ያለው በቅርፊቱ ነውና። በቅርፊቱ ያለው ኦክሳሌት ከፊሉን አስሮ ስለሚያስቀር ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ እንደ ትርፍ መውሰድ ደግሞ አይገባም። ቆልቶ በደንብ ማድቀቅና በውሃ በጥብጦ መጠጣት ሳይደቅ ከመብላት ይሻላል።

ካልሲየም ከአንጀት እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ጥቁር ቆዳ ያላት በስካንዲኔቪያ ወይም በሰሜን አሜሪካ የምትኖር እናት፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የምትሠራ እናት የፀሐይ ብርሃን ስለሚያጥራት መጠኗን ብታስለካ መልካም ነው።

ብረትና ካልሲየምን ማለያየት

አንድ እርግዝና በጠቅላላው አንድ ግራም ያህል ብረት ይፈልጋል። ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር እንዲወሰድ ይመከራል። ብረትና ካልሲየም በአንድ ጊዜ ሲዋጡ ካልሲየሙ የብረቱን መግቢያ ያደናቅፋል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ በውስጣቸው ባለው ታኒን ብረቱን ያስሩታል። ክኒኑን ሳያቋርጡ እየወሰዱ የደም ማነሳቸው አልሻሻል የሚላቸው እናቶች የመጀመሪያ ጥያቄ “በስንት ሰዓትና በምን ነው የምወስደው?” የሚለው ሊሆን ይገባል።

በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር አንድ የሚሠራ አደራደር ይህን ይመስላል። ጠዋት 1 ሰዓት ከቁርስ ጋር አንድ ካልሲየም፤ 7 ሰዓት ከምሳ ጋር ሁለተኛው፤ 9 ሰዓት ቡና፤ ሦስተኛ ካልሲየም የታዘዘ ከሆነ ምሽት 1 ሰዓት ከእራት ጋር፤ ከዚያ ማታ 4 ሰዓት፣ ሊተኙ ሲሉ፣ ብረቱን ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ወይም ከብርቱካን ጋር። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ከሚሆን በአንድ ስኒ ቢበቃ ይመረጣል፤ ብዙ ካፌይን ለፅንሱ ክብደት አይበጅም። ብረት ጨጓራን የሚያሳምማት እናት ከጥቂት ምግብ ጋር መውሰድ ትችላለች፤ ጥቂት ቢቀንስም ከማቋረጥ ይሻላል። ሰገራ መጥቆሩ የክኒኑ ጠባይ ስለሆነ አያስደነግጥ። አፈር የመብላት አምሮት ካለ ሳያፍሩ ለባለሙያ ይንገሩ፤ አምሮቱ የብረት ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አፈሩም በአንጀት ውስጥ ብረትንና ዚንክን ይይዛል።

ማግኒዚየም፦ ምግቡ ሌላ፣ መርፌው ሌላ

ነፍሰ ጡር እናት በቀን 350 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም ያስፈልጋታል። ይህን ጤፍ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ተልባና የዱባ ፍሬ በየዕለቱ ከሚበሉበት ገበታ ማግኘት አይከብድም። የእግር ቁርጥማት ወይም መኮማተር ለሚያስቸግራት የማግኒዚየም ወይም የካልሲየም ክኒን እንደ አንድ አማራጭ ሊታዘዝ ይችላል፤ ለሁሉም ነፍሰ ጡር በደፈናው ማግኒዚየም መስጠት ጥቅም እንዳለው ግን አልተረጋገጠም።

በሆስፒታል የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ከዚህ የተለየ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነውና ማግፓይ በመባል የሚታወቀው ጥናት 10,000 ያህል ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባቸውን እናቶች አሳትፎ፣ መድኃኒቱ ኤክላምፕሲያ የሚባለውን፣ እናትን የሚያንቀጠቅጥና የሚጥል ሕመም ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማግኒዚየሙ እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱም ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያለ ጊዜው የመጣ ምጥን ለማስቆም ተብሎ ከ5 እስከ 7 ቀን በላይ ያለማቋረጥ መስጠት የፅንሱን ካልሲየም ዝቅ አድርጎ አጥንቱን እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል። አንዱ አዮን ሲንር ሌላውን እንዴት እንደሚገፋው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ማለት ግን ለኤክላምፕሲያ የሚሰጠውን መርፌ እናት ትፍራው ማለት አይደለም፤ ያ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ሕይወት አዳኝ መድኃኒት ነው። አጠገቧ ያለ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት፣ ባለሙያው ተከታዩን መርፌ ከመስጠቱ በፊት አተነፋፈሷ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን፣ ጉልበቷ ሲመታ መንፈንጠሩን፣ ሽንቷም በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን ማየቱን ነው። ከመጠን ካለፈ ማርከሻው በደም ሥር የሚሰጥ ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ እዚህም ላይ ሁለቱ አዮኖች ተፎካካሪ መሆናቸው ይታያል።

ስለ ሽፋኑ ጥንካሬ

የእንሽርት ከረጢት ጥንካሬ የሚመጣው ከአዮን ሳይሆን ኮላጅን ከሚባለው የፕሮቲን ክር ነው። ኮላጅን በደንብ እንዲሠራ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል፤ ክሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ኤንዛይም ደግሞ መዳብ ይፈልጋል። ከዚህ ተነሥቶ “ቫይታሚን ሲ ከበዛ ሽፋኑ አይቀደድም” ማለት ቀላል ይመስላል። ጥናቶቹ ግን ሌላ ነገር አሳዩ፤ ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኢ በከፍተኛ መጠን በአንድነት በተሰጣቸው እናቶች ላይ ምጥ ሳይጀምር የእንሽርት ውሃ መፍሰስ በዛ እንጂ አልቀነሰም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ጥምር ለነፍሰ ጡሮች አይመክርም። ብርቱካን፣ ጓቫ፣ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በገበታ ላይ ካሉ በቂ ነው። መዳብም ከጥራጥሬ፣ ከሰሊጥና ከተልባ ይገኛል። ጉበት በመዳብና በብረት የበለጸገ ቢሆንም ቫይታሚን ኤ እጅግ ስለሚበዛበት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት አዘውትሮ መብላት ለፅንሱ አይበጅም። ዚንክን ከሥጋ፣ ከጥራጥሬና ከእንቁላል ማግኘት ይቻላል።

ወደ ጤና ተቋም መቼ ይሄዳሉ?

ከማሕፀን የሚንጠባጠብ ወይም የሚፈስ ውሃ ካዩ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ አድርገው ቀለሙንና ሽታውን አይተው ወዲያው ይሂዱ፤ አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም የሚሸት ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠብቁ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለም እንዲሁ። በአልትራሳውንድ የእንሽርት ውሃው ሲለካ በጥልቁ ቦታ ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በተለመደው ወሰን ውስጥ ነው፤ ከዚህ ሲያንስ ወይም ሲበልጥ ምክንያቱን ባለሙያው ይፈልጋል፤ በቤት ውስጥ ጨው በመተው ወይም ክኒን በመጨመር ለማስተካከል አይሞክሩ።

በክትትል ቀጠሮ ላይ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ፣ ከዘመድ የተላከልዎትን የውጭ አገር ቫይታሚን ጨምሮ፣ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። የውጭ አገሩ የእርግዝና ቫይታሚን ብዙ ጊዜ ብረትና ፎሊክ አሲድ ስላለው ጤና ጣቢያ ከሚሰጠው ጋር ሲደረብ መጠኑ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የካልሲየም ይዘቱ ግን ከሚመከረው እጅግ ያነሰ ነው፤ አንዳንዱም አዮዲን የለውም። የትኛው ቀርቶ የትኛው እንደሚቀጥል ነርሷ ወይም ሐኪሙ ማሸጊያዎቹን ጎን ለጎን አንብበው እንዲወስኑልዎት ይጠይቁ።